ከሳሌም መቃብር አጥር ውጭ የቆመው ድንጋይ

ዳኛው የሰጡት ቀነ ገደብ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ የካውንቲው ቀያሽ አዲስ ማስረጃ ካላመጣች፣ በ1951 የተሰመረው ወሰን እንዳለ ይጸናል፤ የሳሌም ቤተ ክርስቲያን ኮረብታም ከነስልሳ ሦስት መቃብሩ የድንጋይ ካባው ኩባንያ ንብረት ይሆናል። ኩባንያው አጽሙን በክብር አንስቼ ሊንደር ከተማ አስቀብራለሁ ብሎ ጽፏል። ዶዘሩ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ከኮረብታው ግርጌ ቆሟል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ እንደሚጀምር ሹፌሩ ራሱ ካፌ ውስጥ ቁርሱን እየበላ ተናግሯል።

ቀያሿ ሊዮታ ስትሪክለር ናት። በ1951 ወሰኑን ለክተው የፈረሙት ደግሞ አባቷ ናቸው።

የዚያን ዓርብ ጠዋት ሊዮታ እንደ ልማዷ ከአልጋዋ አጠገብ ተንበረከከች፤ ግን ምን ብላ እንደምትለምን ጠፋት። መቃብሩን አድንልን ብትል፣ የአባቷ ስህተት በአደባባይ ይውጣ ማለቷ ነው። አባቷን አታሳፍርብኝ ብትል፣ ዶዘሩ ይግባ ማለቷ ነው። ስለዚህ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ" ብላ ተነሣች። ሃምሳ አምስት ዓመት ኖራ እንደዚያ አጭር ጸሎት ጸልያ አታውቅም።

ሬይበርን ስትሪክለር ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታርዌል ካውንቲ ቀያሽ ነበሩ። ሁለት ገበሬ በአጥር ሲጣላ "ሬይበርን ያለው ይሁን" ይባላል፤ እሳቸው መጥተው፣ ለክተው፣ እንጨት ቸክለው ይሄዳሉ፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። በስተርጅናቸው ያላቸው ሀብት ይኸው ነው፤ የሰዉ እምነት።

ሊዮታ ስትወጣ አባቷ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ወዴት ነው አባባ?"

"አንቺ ወደምትሄጂበት።"

"ዳገቱን አይችሉትም።"

"ዳገቱን እኔ ሳልወጣው ማን ለካው? ይልቅ በሩን ክፈቺልኝ፤ ይሄ ፒክአፕሽ እንደ ባለቤቱ ግትር ነው።"

ከሊንደር ወደ ሳሌም የሚወስደው መንገድ ሃያ ሁለት ማይል ነው። መጀመሪያ የምዕራቡን የሣር ሜዳ ያቋርጣል፤ ከዚያ ዶድሰን ወንዝን በዝቅተኛው ድልድይ ተሻግሮ ወደ ምሥራቁ ኮረብታ ይገባል። እዚያ መሬቱ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ዋሻና ምንጭ ነው፤ ከላዩ ባሉጥና ጥድ ነው። ታርዌል ከትልቁ ካውንቲ ተገምሳ ራሷን የቻለችው በ1857 ነበር። ስሟን ያገኘችው አንድም ቀን ረግጧት ከማያውቅ የሕግ አውጪ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩዋት ጥጓ የተቆረሰ ቂጣ ትመስላለች። ያንን ጥግ ይዘው የነበሩት ባለጠጋ ወደ አዲሲቱ አልሄድም ብለው፣ ባለሥልጣን ወዳጅ ስለነበራቸው፣ ከነመሬታቸው በአሮጌው ካውንቲ ቀሩ።

በ1891 ፍርድ ቤቱ ተቃጠለ። የመሬት መዝገቡ፣ የድሮ ቀያሾች ጽሑፍ፣ ሁሉም ነደደ። ሕዝቡ ያለውን ወረቀት ከየሣጥኑ እያወጣ አመጣ፤ ወረቀት የሌለው ሁለት ጎረቤት አምጥቶ አስማለ። ከዚያ ወዲህ የታርዌል መሬት ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በሰው ቃል የቆመ ነው። የዲያቆን ቃል ከሆነማ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም፤ መጠየቁ ራሱ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ድልድዩን ሲሻገሩ ሬይበርን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ "ዛፉን አግኝተሻል" አሉ።

ሊዮታ መሪውን ጨበጠች። ለማንም አልተናገረችም ነበር። "ማን ነገረዎት?"

"ትናንት ጫማሽ ላይ የጥድ ቅጠል ተጣብቆ አየሁ። የወሰኑ ድንጋይ ዘንድ ጥድ የለም። ጥድ ያለው ከመቃብሩ በስተደቡብ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ሊዮታ በ1846 የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች የጻፉትን ማስታወሻ ቅጂ ከስቴቱ መዝገብ ቤት አስመጥታ ነበር። ቀያሾቹ በሰንሰለት እየለኩ መጥተው፣ ማዕዘኑ ላይ የእንጨት ምሰሶ ተክለው፣ በአቅራቢያው ሁለት ዛፍ ልጠው የመሬቱን ክፍል ቁጥር ቀርጸውባቸዋል፤ ምሰሶው ቢበሰብስ ዛፎቹ እንዲመሰክሩ። አንደኛው ሌላ ዓይነት ዛፍ ነበር፤ ዛሬ የለም። ሁለተኛው ነጭ ባሉጥ ነው፤ ውፍረቱ አሥራ አራት ኢንች፣ ከምሰሶው በሰሜን ምሥራቅ፣ በመለኪያ ሰንሰለቱ አርባ አንድ ቀለበት ርቆ። ሊዮታ ሦስት ቀን ሙሉ ከሌሎቹ ማዕዘኖች ስትለካ ከርማ፣ ልኬቱ የጣላት አባቷ ከተቀበሉት ድንጋይ ሳይሆን ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ ጥዶቹ ውስጥ ነው። እዚያም ሁለት ሰው የማያቅፈው ነጭ ባሉጥ ቆሟል፤ ተቀርጾበት ከሆነ ቅርፊቱ ሸፍኖታል፤ ሳይከፍቱት አይታይም።

"አልከፈትሽውም" አሉ አባቷ።

"አልከፈትኩትም።"

"እኔን ፈርተሽ?"

ሊዮታ ማርሽ ቀየረች።

"አትፍሪ። ድንጋዩ ልክ ነው። ዲያቆን ሆሜር ኦግልስቢ ፊት ለፊቴ ቆሞ 'ይሄ ነው' ብሎኛል። ያኔ የሰንሰለቱን ጫፍ የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ሰምተሻል።"

ሰምታለች። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከመቃብሩ ሰሜናዊ አጥር ውጭ፣ አራት እርምጃ ያህል ወጣ ብሎ፣ ጉልበት የማይደርስ ድንጋይ ቆሞ ነበር፤ አናቱ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል። ቀያሾችም የማዕዘን ድንጋይ ላይ መስቀል ይቀርጻሉ። አባቷ "ዲያቆን፣ ይሄ የድሮው ማዕዘን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ዲያቆን ሆሜር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ "አዎ፣ ይሄ ነው" አሉ። ሐምሌ ነበር፤ ሊዮታ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሙቀቱ በርትቶባቸው መስሏት ነበር።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ዊልዳ ኦግልስቢ ቅጠል እየጠረጉ ነበር። የዲያቆን ሆሜር ልጅ ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፤ አላገቡም። መቃብሩን ያለ ደሞዝ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ በየቅዳሜው ያጭዳሉ፣ የወደቀ ድንጋይ ያቃናሉ። ሬይበርን ከመኪናው እያቃሰቱ ሲወርዱ መጥረጊያቸውን ተደግፈው አዩአቸው።

"ሬይበርን! እስካሁን አልሞትክም እንዴ? ቦታ ጠርጌልህ ነበር።"

"ካንቺ ጎን ከሆነ ይቆየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለፍልፈሽኛል፤ ከሞትኩ በኋላ እንኳ ልረፍ።"

"ማን አብሮህ ይተኛል ብሎህ! ያቺ ምስኪን ሚስትህ ሠላሳ ዓመት ማንኮራፋትህን ችላ አሁን ገና ነው ያረፈችው፤ እሷንም አትቀስቅሳት።"

ሬይበርን ሳቁ። ሊዮታም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ ወደ መቃብሮቹ ሄደ። እናቷ ከዊልዳ ኋላ በሦስተኛው ረድፍ ነው ያሉት።

የኩባንያው ጠበቃ ሚስተር ዴንተን ፕሩዊት ስድስት ሰዓት ሲሆን መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጫማቸው ብቻ ለዚህ አገር የተሠራ አይደለም። በአንድ እጃቸው ካሜራ፣ በሌላው አካፋ ይዘዋል።

"ወይዘሮ ሊዮታ፣ ጊዜዎን አላባክንም። በዚህ አገር የማዕዘን ድንጋይ ሲተከል ከሥሩ ከሰል ይቀበራል፤ ልክ ነኝ?"

"ልክ ነዎት። ከሰል አይበሰብስም። ድንጋዩ ቢነሣ እንኳ ቦታው ይታወቃል።"

"የአባትዎ መዝገብ 'ድንጋዩን አገኘሁት፣ አልነካሁትም' ይላል። እንግዲያው እንቆፍር። ከሰል ከተገኘ አለቀ፤ ሁላችንም ወደ ቤታችን። ካልተገኘ ደግሞ ለእርስዎ ጥሩ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ፍትሕ አለ?"

ሊዮታ አባቷን አየች።

"ቆፍሪ" አሉ ሬይበርን። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆሞ አሁን ከሚታማ ዛሬ ይለይለት። ቆፍሪ አልኩሽ!"

አካፋውን ተቀብላ ወደ ድንጋዩ ሄደች። በዙሪያው ያለው ሣር አጭር ነው፤ በቅርቡ ታጭዷል። ለምን ከአጥር ውጭ ያለ ሣር እንደሚታጨድ ያን ጊዜ አላሰበችም። ጫፉን መሬቱ ላይ አድርጋ በእግሯ ልትረግጠው ስትል የመጥረጊያ እንጨት መጥቶ አካፋውን መታው።

"አትንኪው።"

ዊልዳ ናቸው። እንዴት በዚያ ፍጥነት እንደደረሱ ማንም አላየም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እህት ዊልዳ፣ ምን ሆኑ?"

"አትንኪው ነው የምልሽ!"

ሚስተር ፕሩዊት በትሕትና "እመቤቴ፣ ይህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው" አሉ።

"ምን ትለኛለህ አንተ? ያንተ ፍርድ ቤት እዚህ ምን አለው?"

ሬይበርን በከዘራቸው እየተደገፉ ተጠጉ። "ዊልዳ፣ ምንድን ነው? ከሰል ነው የምንፈልገው፤ እጅ ሙሉ ከሰል። አባትሽ ያለው ልክ ከሆነ ይገኛል።"

"አይገኝም።"

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

ዊልዳ መጥረጊያውን ለቀቁት። ድንጋዩ ላይ እጃቸውን አኖሩ፤ አናቱ ላይ፣ መስቀሉ ላይ። ንፋስ አልነበረም። ከኮረብታው ግርጌ የዶዘሩ ሹፌር ሬዲዮ ይሰማል፤ የከብት ዋጋ ያነባል።

"ልጄ ናት" አሉ።

ሊዮታ የአካፋውን ጫፍ ከመሬቱ አነሣች።

"አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መጋቢት ነበር። ሁለት ቀን ቆየች። አባቴ ከአጥሩ ውስጥ ልቀብራት አልችልም፣ ሰው ይጠይቃል አለ፤ ዲያቆን ነበር። ሲነጋጋ ብቻውን ተሸክሞ መጣ። ድንጋዩን ከወንዝ አምጥቶ፣ መስቀሉን በምስማር ቀረጸ፤ ጣቶቹ ቆስለው ነበር።" ወደ ሬይበርን ዞሩ። "አንተ ስትጠይቀው ምን ይበል? ሰንሰለት የያዘች ልጅህ ቆማ፣ እኔ እዚያ አጥሩ ጋ ቆሜ፣ ምን ይበል? 'የልጄ ዲቃላ ናት' ይበል?"

ሊዮታ የዲያቆኑ ባርኔጣ ያኔ ለምን እንደወለቀ ገባት። የአጽሙ ዝርዝርም ትዝ አላት። ኩባንያው በክብር አነሣለሁ ያለው በአጥሩ ውስጥ ያለውን ስልሳ ሦስቱን ነው። ይቺን ማንም አልቆጠራትም። ሰኞ ጠዋት ዶዘሩ መጀመሪያ የሚገባው ደግሞ በዚህ በኩል ነበር።

ሚስተር ፕሩዊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በጣም አዝናለሁ እመቤቴ። ከልቤ ነው። ነገር ግን ደንበኛዬን ወክዬ መናገር አለብኝ። ይህ ቃል ብቻ ነው። ዲያቆኑ በሕይወት የሉም፤ ለሚስተር ስትሪክለር የተናገሩት ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ማረጋገጫው አንድ ነው፤ መቆፈር።"

"እኔ መቃብር አልቆፍርም" አለች ሊዮታ።

"መቃብር መሆኑን ማን አረጋገጠ?"

"እኔ ሰምቻለሁ። ዳኛው ይዘዙና ሌላ ሰው ይቆፍር። እኔ ግን አልቆፍርም።"

"እንግዲያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንጋዩ እንደቆመ ይጸናል። ያውቃሉ አይደል?" ሰዓታቸውን አዩ። "ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው።"

ሊዮታ አባቷን ለማየት ፈራች። ግን አየቻቸው። ሽማግሌው ድንጋዩን ትኩር ብለው እያዩ ነበር። ካርታው ሁሉ በጭንቅላታቸው ውስጥ እንደሚሄድ ታውቃለች። ከዚህ ድንጋይ ተነሥተው የለኩት አጥር፣ በዚህ ድንጋይ የፈረሙት ወረቀት። በአገራቸው ላይ ያሰመሩትን መስመር ከአንዲት የሁለት ቀን ሕፃን ራስጌ ጀምረውታል።

"አባባ . . ."

"መጥረቢያ አምጥተሻል?"

"መኪናው ላይ አለ።"

"መሮስ?"

"አለ።"

"ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? ወደ ዛፍሽ ውሰጂኝ።"

በመቃብሩ መካከል አልፈው፣ ከደቡቡ አጥር ወዲያ ወደ ጥዶቹ ገቡ። ሬይበርን በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ፤ ዊልዳ ክንዳቸውን ይዘዋል፤ አሁን ቀልድ የለም። ባሉጡ ዘንድ ሲደርሱ ሽማግሌው ዛፉን ዞሩት። በደቡብ ምዕራብ ገጹ፣ ወገብ በሚደርስበት ላይ፣ ቅርፊቱ እንደ ተሰፋ ቁስል ገጥሟል።

ሚስተር ፕሩዊት "እያንዳንዱ ዛፍ ጠባሳ አለው" አሉ፤ ካሜራቸውን ግን አዘጋጁ።

ሊዮታ ከጠባሳው በላይና በታች በእጅ መጋዝ ቀደደች፤ የሞተር መጋዝ ፊደሉን ይበላዋል። ከዚያ በመጥረቢያ፣ ከዚያ በመሮና በመዶሻ። ነጭ ባሉጥ እንደ ብረት ነው። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ላቡ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ፍልጡ ጣት በጣት ይነሣል፤ ሥሩ ንጹሕ እንጨት ነው። አንድ ሰዓት ሄደ። እጇ አበጠ። አንድ ስንዝር ገባች፤ አሁንም ንጹሕ እንጨት። መሮው ገብቶ ሲወጣ የሚያሳየው ሁሌም ያው ነው፤ ምንም ያልተጻፈበት ቢጫ እንጨት።

መሣሪያውን አስቀመጠች።

"የለም" አለች። "አባባ፣ የለም።"

ጠበቃው ሰዓታቸውን አዩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ ሊንደር ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል። ዊልዳ ጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እየጸለዩ ይሁን ተዝለፍልፈው አይታወቅም።

ሬይበርን ከዘራቸውን ጥለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ እንዲያ ሲያደርጉ ጉልበታቸው ጮኸ። መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ተከፈተው እንጨት አፍንጫቸውን አስጠጉ። በጥፍራቸው የተቆረጠውን ጠርዝ መዳሰስ ጀመሩ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀለበት በቀለበት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሊዮታ አባቷ አብደው እንደሆነ ለአፍታ ፈራች።

"ስንት ዓመት ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"ከተቀረጸ! 1846 ነው አላልሽም? ዛሬ 1987 ነው። መቶ አርባ አንድ። እኔ የቆጠርኩት መቶ አሥር ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ልብስ ነው የሚደርበው፤ አንቺ መቶ አሥሩን ገፈሽ ሠላሳ አንዱ ሲቀርሽ ተቀመጥሽ።" ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ? ያሳፍራል።"

"ስንት ጣት ይሆናል?"

"ሦስት ጣት። ዛፉ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ አድጓል። ቀስ በይ። ከሁለት ጣት በኋላ መዶሻውን አታሳርፊው፣ አስነኪው ብቻ።"

ተነሣች። አንድ ጣት። ሁለት ጣት። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ምት መሮው የተለየ ድምፅ ያወጣ ጀመር፤ ከሥሩ ባዶ ያለ ይመስላል። ሬይበርን እጃቸውን አነሡ፤ እሷም ቆመች። ሽማግሌው መሮውን ከእጇ ወስደው በስንጥቁ አስገቡና በዝግታ ጠመዘዙት።

ፍልጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተላቀቀ።

ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ፣ በመጥረቢያ የተላጠ ገጽ አለ። በገጹ ላይ የመሬቱ ክፍል ቁጥር፣ አሥራ ሰባት፣ ተቀርጿል፤ ከታቹ ሁለት ፊደል፣ የምስክር ዛፍ ምልክት። ከላዩ የተላቀቀው ፍልጥ ላይ ደግሞ ያው ጽሑፍ ተገልብጦ፣ አብጦ ወጥቷል፤ ማኅተም ሰም ላይ እንደሚያርፈው። ቀራጩ የሰባቱን እግር ትንሽ ጠምዝዞታል። እጁ ደክሞት ይሆናል፤ ወይም ቀኑ መሽቶበት ይሆናል። ከእሱ በኋላ ይህን ቁጥር ሰው ሲያየው የመጀመሪያው ነው።

"ተመስገን" አለች ሊዮታ፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ሚስተር ፕሩዊት ቀርበው አዩት። አራት ፎቶ አነሡ፤ ከዚያ ካሜራቸውን ዘግተው ለሬይበርን እጃቸውን ዘረጉላቸውና ከመሬት አነሡዋቸው።

"ለደንበኛዬ ያየሁትን እነግረዋለሁ" አሉ። "ዶዘሩን ዛሬውኑ እንዲያነሡት እመክራለሁ። ስለ ሌላው . . ." ወደ ዊልዳ አዩ። "እኔ ስለ ወሰን ልከራከር ነው የመጣሁት። ሌላ ነገር አልሰማሁም።"

ሊዮታ ከዛፉ ተነሥታ አርባ አንዱን የሰንሰለት ቀለበት ወደ ደቡብ ምዕራብ ለካች፤ ማዕዘኑ ላይ የብረት ዘንግ ቸከለች። ከዚያ ዘንግ እስከ መቃብሩ አጥር ሠላሳ እርምጃ ይተርፋል። መቃብሩ በሙሉ፣ ከአጥር ውጭ ያለችውም ጭምር፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት ላይ ነው።

ሦስቱም በፒክአፑ አንድ ወንበር ላይ ተጣብበው ወደ ሊንደር ተመለሱ። የሣር ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሬይበርን ድንገት፣ "ቁጭ ብዬ እንደ ሞኝ ያመንኩት ምንድን ነው? አንዴ እንኳ ድንጋዩን ብገፋው ኖሮ . . ." አሉ።

"ብትገፋው ኖሮ አባቴ ይሞት ነበር" አሉ ዊልዳ። "እሱን አትንካብኝ። ሲሞት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ሬይበርንን አስቸገርኩት' አለኝ። ያኔ ያ ቃሉ ወሰንህን እንዳበላሸው አልገባኝም ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም? እሱ ከሞተ ሃያ ዓመት ሆነው።"

"አንተ ደግሞ! አንዴ እንኳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ከእኔ ጋር ስታወራ መቼ ነው አፌን ከፍቼ የምጨርሰው?"

ሬይበርን እጃቸውን ዊልዳ እጅ ላይ አኖሩ፤ እሳቸውም እጃቸውን አልሳቡም።

ፍርድ ቤቱ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ነበር። የማዕዘን ምስክር ወረቀት አንድ ገጽ ነው። ሊዮታ ከመዝገብ ጸሐፊዋ ጽሕፈት መኪና ተበድራ ልኬቱን፣ ዛፉን፣ ቁጥሩን ጻፈች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። "ቀደም ሲል የተጠቀሰው ድንጋይ ተቀባይነት የለውም" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሕጉ ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ የአባቷም ስም አይነሣም፤ የዊልዳም ምሥጢር ይጠበቃል። እንዲያ ልትጽፍ ጀመረች።

"አቁሚ" አሉ ሬይበርን ከትከሻዋ በላይ። "እኔ ልንገርሽ፤ ጻፊ። 'በ1951 እኔ ሬይበርን ስትሪክለር የወሰን ምልክት ብዬ የተቀበልኩት ድንጋይ የወሰን ምልክት አይደለም። ሳልመረምር ተቀብያለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ነው።' ጽፈሻል?"

"አባባ፣ ይሄ ለዘላለም ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ያነበዋል።"

"ለዚያ አይደል እንዴ መዝገብ የሚባለው? ቀጥይ። 'ድንጋዩ የመቃብር ነው።'" ከዚያ ቆመው ወደ ዊልዳ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ዊልዳ፣ እዚህ ላይ ልቁም? አንቺ ነሽ የምታውቂው። እዚህ ላይ ቁም ካልሽኝ እቆማለሁ።"

ዊልዳ ባንኮኒውን ይዘው ቆመው ነበር። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ጸሐፊዋ ወረቀት የምታስተካክል መስላ ራሷን አቀርቅራለች።

"አትቁም" አሉ።

"ስም ነበራት?"

"ነበራት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኦሪላ ነው ያልኳት።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ኦሪላ ኦግልስቢ። መጋቢት 1925።"

ሊዮታ ጻፈችው። ሦስቱም ፈረሙ። ጸሐፊዋ ማኅተሟን አሳርፋ ሰዓቱን ጻፈች፤ አሥር ሰዓት ከአርባ ሁለት። ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ስሞቹ በትክክል መጻፋቸውን ለማረጋገጥ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበች። ኦሪላ ኦግልስቢ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ዊልዳን አየች።

"አዎ" አሉ ዊልዳ። "ልክ ነው።"